ቁሱና ዕቃው አብረው ይወለዳሉ፦ ስለ ኮምፖዚት ምርምር ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ኮምፖዚት ቁሶች፣ ማለትም ክርና ሙጫ ተዋሕደው ስለሚሠሩ ቁሶች፣ ምርምር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን እጄ ገብቶ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ሐሳባቸውን ሳያድበሰብሱ የሚያስቀምጡ ሰው በመሆናቸው የት ላይ እንደምንስማማና የት ላይ እንደምንለያይ ለማወቅ አልተቸገርኩም። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው። የካርቦን ፋይበር ከብረት አሥር እጥፍ ስለሚጠነክር የብረትን ዕቃ በዚያው ቅርጽ በካርቦን መተካት ብቻውን ክብደቱን በብዙ ያቀልላል። ዕቃው የትና መቼ እንደሚሰበር ኮምፒውተር ስለሚነግረን ናሙና እየሠሩ መስበር ያለፈበት ልማድ ነው። የምርት ጉድለት የሠራተኛ እጅ ችግር ስለሆነ ሮቦት ሲገባ ይጠፋል። ታይታን የተባለችው ሰርጓጅ የደረሰባት አደጋም የቁስ ምርጫ ስሕተት እንጂ ሌላ አይደለም። ስለዚህ ለአመራረትና ለፍተሻ ጥናት የሚውለው ጊዜና ገንዘብ አዳዲስ ቁሶችን ወደ መፈልሰፍ ይዙር ይላሉ። ለማስረጃም በኮምፒውተር የነደፉትን፣ ክብደቱ ከአሉሚኒየሙ በግማሽ ያነሰ አንድ የማያያዣ ክንድ በሥዕል አቅርበዋል።

ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ጽሑፉን የሚያነቡት በአብዛኛው ገና የምርምር ርዕስ የሚመርጡ ወጣቶች ስለሆኑ ነው። እኔ ዕድሜዬን ክር ስደረድር፣ ሙጫ ሳበስል፣ ያበሰልኩትንም መልሼ ስሰብር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጸሐፊው እንዲቀር የሚሉት ክፍል የሙያው እምብርት መሆኑን በእጄ አይቻለሁ።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ግን ልዩነታችን የሚመነጭበትን አንድ ነገር ላስቀድም። በአሉሚኒየም የሚሠራ መሐንዲስ ቁሱን አስቀድሞ ያገኘዋል። ላሜራው ከፋብሪካ ሲመጣ ጥንካሬው ተለክቷል፣ የምስክር ወረቀቱም አብሮት አለ። የመሐንዲሱ ድርሻ መቁረጥ፣ ማጠፍና መብሳት ነው። ኮምፖዚት የሚሠራ ሰው ግን ሥራ ሲጀምር በእጁ ያለው ክርና ያልበሰለ ሙጫ ነው። ቁሱ የሚፈጠረው ዕቃው በሚፈጠርበት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሞልድ (የቅርጽ ማውጫ) ውስጥ፣ በዚያው ሙቀትና ግፊት ነው። የአንድን ክንፍ ቆዳ ያመረተ ሰው ክንፉን ብቻ አላመረተም፤ ከዚያ በፊት በዓለም ላይ ያልነበረ ቁስም አምርቷል። ይህን የተቀበለ ሰው ንድፍን ለቢሮ፣ አመራረትን ለወርክሾፕ አካፍሎ መቀመጥ አይችልም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ጸሐፊው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ምሳሌ ጀምረዋል፤ ስለ ክር ቁስ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም። ምሳሌው የማይናገረው አንድ ነገር ግን አለ። ድሩ አንበሳውን የሚይዘው አንበሳው ድሩ በተዘረጋበት አቅጣጫ ሲጎትት ነው። አንበሳው ወደ ጎን ቢዞር የሚይዘው በክሮቹ መካከል ያለው ሙጫ ብቻ ይሆናል፤ ሙጫ ደግሞ አንበሳ አያስርም።

«አሥር እጥፍ» የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ እንየው። አንድ የካርቦን ፋይበር ውፍረቱ 7 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉር ጋር ሲተያይ እጅግ ቀጭን ነው። በብዛት ከሚሠራባቸው ዓይነቶች አንዱ ራቁቱን በቁመቱ ሲጎተት እስከ 4,900 ሜጋፓስካል (ጥንካሬ የሚለካበት አሃድ ነው) ይችላል። ተራ የግንባታ ብረት ከ400 እስከ 500 ስለሚደርስ ስሌቱ አልተሳሳተም። ራቁት ክር ግን ዕቃ አይሆንም። ዕቃ ሲሆን ከይዘቱ 60 በመቶ ያህሉ ክር፣ የቀረው ሙጫ ነው። ግትርነቱን፣ ማለትም ሲጎተት ላለመለጠጥ የሚያሳየውን እምቢታ፣ ብንወስድ ክሩ ለብቻው 230 ጊጋፓስካል አለው። ክሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የተደረደሩበት ኮምፖዚት በክሩ አቅጣጫ 138 ገደማ ይሆናል። ያንኑ ቁራጭ 90 ዲግሪ አዙረን ብንጎትተው 9 ገደማ እናገኛለን። ዕቃው ያው ነው፣ የተለወጠው የመጎተቻው አቅጣጫ ብቻ ነው።

ጭነት ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለማይመጣ መሐንዲሱ ክር በሙጫ የተያዘባቸውን ስስ ንጣፎች በ0፣ በ45፣ በ90 ዲግሪ እያፈራረቀ ይደረድራል። እኩል ከደረደራቸው የሚያገኘው ግትርነት 50 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው። አሉሚኒየም 70 ነው። አዎን፣ በየአቅጣጫው እኩል የተደረደረ የካርቦን ኮምፖዚት ግትርነቱ ከአሉሚኒየም ያንሳል። የሚያድነው ቅለቱ ነው፦ ለአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.6 ግራም በአሉሚኒየሙ 2.7 ፋንታ። በክብደት ስናካፍለው በቁመት ለሚጎተት ወይም ለሚጫን አካል ትርፉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሆናል። ለዚህ ትርፍ ነው እንግዲህ ውድ ክር የምንገዛውና ውስብስብ አመራረት የምንሸከመው? ትርፉ የሚበዛው ክሩ የጭነቱን መንገድ እንዲከተል ተደርጎ ቅርጹ ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ሲታሰብ ነው። የብረቱን ቅርጽ እንዳለ ጠብቆ ቁሱን ብቻ መተካት በሙያው «ጥቁር አሉሚኒየም» ይባላል፤ ለዓመታት ስንሸሸው የኖርነው ስሕተት ነው።

ጸሐፊው የነደፉት የማያያዣ ክንድ በሥዕሉ ላይ እንደሚታየው በሁለቱም ጫፎቹ ሦስት ሦስት የቡሎን ቀዳዳዎች አሉት። ይህ የብረት አስተሳሰብ ነው። ብረት ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሲጨነቅ ትንሽ ይለመጥና ጭነቱን ለጎረቤቱ ያካፍላል። የካርቦን ክር አይለመጥም፤ ይችላል ወይም ይበጠሳል። በዚያ ላይ ትራፓኖው የደነዘዘ ከሆነ መውጫው ላይ የመጨረሻውን ንጣፍ ገፍቶ ያላቅቀዋል፣ መላቀቁም ከላይ ለሚያይ ሰው አይታይም። ቡሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ከካርቦን ጋር የሚነካካ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ እርጥበት ባገኘ ቁጥር አሉሚኒየሙ ይበላል። በየአውሮፕላኑ የካርቦን አካል ላይ የቲታኒየም ቡሎን የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ኮምፒውተር ስብራትን ይነግረናል የሚለው ነው። እኔም ከቀኔ ግማሹን የማሳልፈው ከስሌት ጋር ነው፤ ያለ እሱ መሥራት አልችልም። ግን የስሌቱ አቅም እስከ የት እንደሆነ የሙያው ሰዎች ራሳቸው በድፍረት ፈትሸውታል። ሂንተን፣ ሶደን እና ካዱር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንድ ዓለም አቀፍ ፈተና አዘጋጁ። የስብራት ንድፈ ሐሳቦችን የፈጠሩትን ሰዎች ራሳቸውን ጠሩ። ለሁሉም የአንድ ዓይነት ክርና ሙጫ መረጃ፣ የአንድ ዓይነት የንጣፍ አደራደር ሰጧቸው። የሙከራውን ውጤት ሳያሳዩ «መቼ ይሰበራል?» ብለው ጠየቋቸው። መልሶቹና ንጽጽሮቹ ከ1998 እስከ 2004 ታተሙ። አንዱ ባለሙያ ከሌላው፣ ብዙዎቹም ከሙከራው በሰፊው ተራርቀው ተገኙ፤ በሁሉም ጥያቄ የቀናው ንድፈ ሐሳብ አልነበረም። እነዚህ የመስኩ አንጋፋዎች ነበሩ።

ምክንያቱ አንድ ኮምፖዚት በብዙ መንገድ ስለሚሰበር ነው። ሙጫው ይሰነጠቃል፣ ንጣፎች ይላቀቃሉ፣ ክር ይበጠሳል፣ ሲጨመቅ ደግሞ የክሩ ነዶ በአንድ ላይ ይታጠፋል። አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል። ይባስ ብሎ የአንድ ንጣፍ ጥንካሬ የራሱ ብቻ አይደለም። ውፍረቱ 0.125 ሚሊሜትር የሆነው ንጣፍ ለብቻው ሲቆም በአንድ ጭነት ይሰነጠቃል፤ ግትር በሆኑ ጎረቤቶች መካከል ሲቀመጥ ከዚያ የበለጠ ይችላል። ተመሳሳይ አቅጣጫ ያላቸው አራት ንጣፎች ተደራርበው ሲወፍሩ ደግሞ ስንጥቁ ቀድሞ ይመጣል። ይህን ቁጥር ከመዝገብ አውጥተን ለኮምፒውተሩ ልንሰጠው አንችልም፤ ሠርተን፣ ሰብረን፣ ለክተን ነው የምንሰጠው።

ከፋብሪካ ዓለምም አንድ ምሳሌ አለ። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት የሆነው ቦይንግ 787 የመጀመሪያ በረራውን ሊያደርግ ቀናት ሲቀሩት ሰኔ 2009 (እ.ኤ.አ.) በረራው ተራዘመ። ክንፉ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ማጠናከሪያ እንደሚያስፈልገው የታወቀው መሬት ላይ በቆመ ሙሉ አውሮፕላን በተደረገ የጭነት ሙከራ ነበር። ስሌቱ ያንን አላየም። አውሮፕላኑ የበረረው በታኅሣሥ 15 ቀን 2009 ሲሆን፣ በመጋቢት 2010 የሙከራው አውሮፕላን ክንፍ በበረራ ዘመኑ ይገጥመዋል ከሚባለው ከፍተኛ ጭነት 150 በመቶ ተጭኖበት ቻለ። በዓለም ላይ ካሉ ጠንካራ የስሌት ክፍሎች አንዱ ያለው ድርጅት ሙከራውን ቢዘልለው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ናሳ ለኤክስ-33 የሙከራ መንኮራኩር ፕሮጀክት ያሠራው የፈሳሽ ሃይድሮጂን ታንክ ታሪክም እንደዚሁ ነው። በኅዳር 1999 ታንኩ በከባድ ብርድ የመጣበትን ጭነት ቻለ። የተላቀቀው ፈሳሹ ከወጣ በኋላ፣ ሲሞቅ ነበር። በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ጋዙን በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ወዳለው የማር እንጀራ መሰል እምብርት አስገብተውት፣ ሙቀት ሲያገኝ ግፊት ሆኖ ቆዳውን ገነጠለው። ኮምፒውተር የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። ያንን ጥያቄ የጠየቀው ሙከራው ነው።

ጸሐፊው «የቢሮክራሲ ትርፍ» ያሉት የናሙና ብዛትም ምክንያት አለው። አንዱ ቢሰበር ሌላ የሚተካው ለሌለ የአውሮፕላን አካል የሚፈቀደው የጥንካሬ ቁጥር፣ ከመቶ ቁራጭ 99ኙ ከዚያ በላይ እንደሚሆኑ በ95 በመቶ እርግጠኝነት መናገር የሚያስችል መሆን አለበት። በሦስት ናሙና ይህን መናገር አይቻልም። ለዚህ ነው ፍተሻው እንደ ፒራሚድ የሚሠራው፦ ከታች እጅግ ብዙ ትንንሽ ቁራጮች፣ ከዚያ መጋጠሚያዎች፣ ከዚያ ትልልቅ አካላት፣ ከላይ አንድ ሙሉ አውሮፕላን። ስሌት በየደረጃው አለ፤ እያንዳንዱ ደረጃ የበላዩን ስሌት ይመግበዋል።

ሦስተኛው ነጥብ የምርት ጉድለት የሠራተኛ እጅ ችግር ነው የሚለው ነው፤ በዚህኛው ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ።

በአንድ ወቅት ልክ 90 ዲግሪ ሆኖ በተሠራ የብረት ሞልድ ላይ ማዕዘን ቅርጽ ያለው ዕቃ እንሠራ ነበር። 16 ንጣፍ፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረት፣ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግፊት ባለው ምድጃ ውስጥ የበሰለ። ቀዝቅዞ ሲወጣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) አስጠጋሁበት። በአንደኛው ክንድና በስኳድራው መካከል ብርሃን ሾለከ። ስንለካው 89 ዲግሪ ገደማ ነው። ንጣፎቹን የደረደረውን ረዳቴን ወቀስኩት፤ ማዕዘኑ ላይ በደንብ አልተጫነም አልኩት። በማግስቱ እኔ ራሴ ደረደርኩት፤ 89 ወጣ። በሦስተኛው ቀን አብረን፣ ከእያንዳንዱ ንጣፍ በኋላ አየሩን በቫኩም እየሳብን ሠራነው፤ እንደገና 89። ረዳቴን ይቅርታ ጠየቅሁት። ጸሐፊው ዛሬ የሚሉትን ያን ጊዜ እኔም ብዬው ስለነበር ነው ይህን የምተርከው።

ምክንያቱ ጂኦሜትሪ ነው። ዕቃው ከ180 ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ይኮማተራል። በክሩ አቅጣጫ ግን የካርቦን ክር ሙቀት ሲለዋወጥ ርዝመቱን እምብዛም ስለማይለውጥ ከናካቴው አይኮማተርም ማለት ይቻላል። በውፍረቱ አቅጣጫ ክር ስለሌለ እንደ ሙጫው ይኮማተራል፤ ሙጫው ሲበስል የሚያሳየው መጨማደድም ይጨመርበታል። ቅስቱ ላይ የውስጡና የውጩ ርዝመት ባለበት ቆሞ ውፍረቱ ሲቀንስ ማዕዘኑ ከመዝጋት በቀር ምርጫ የለውም። ሮቦት ቢሠራውም ይዘጋል፤ እንዲያውም ሁልጊዜ በእኩል መጠን ይዘጋል። መፍትሔው ሞልዱን 91 ዲግሪ አድርጎ መሥራት ነው። ያ አንድ ዲግሪ ግን ድርድሩ፣ ሙጫው ወይም የማብሰያው ሙቀት በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። የትኛው ሲለወጥ ስንት ይሆናል የሚለውን አስቀድሞ መናገር ሙሉ የምርምር መስክ ነው፤ ንድፍ አውጪው ሥዕሉን ከመሳሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባም ነው።

አሁን ደግሞ አረፋን እንውሰድ። በንጣፎች መካከል የተያዘ አየር ወይም ሙጫው የጠጣው እርጥበት ሲሞቅ ተነፍቶ ቀዳዳ ይሆናል። በጠቅላላው ይዘት 1 በመቶ ቀዳዳ ሲኖር ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተቱ የሚይዘው ጥንካሬ በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ 2 በመቶ ሲሆን በ14 ገደማ። ቀዳዳው የሚቀረው ወይም የሚጠፋው ሙጫው ቀጥኖ በሚፈስበትና ረግቶ በሚቆምበት መካከል ባለችው አጭር ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ በሙጫው ላይ ያለው ግፊት ከእንፋሎቱ ግፊት ካነሰ የሠራተኛው ጥንቃቄ ምንም አያደርግም። ወፍራም ዕቃ ላይ ደግሞ ሙጫው ሲበስል ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ መሐሉ ከምድጃው በላይ ይግላል፤ ዳሩ ገና ሳይረጋ መሐሉ ረግቶ ይጠብቃል። ውፍረቱን የወሰነው ንድፍ አውጪው ነው። ስለዚህ ሳያውቀው ጉድለቱንም ወስኗል።

ሮቦቱስ? ክር የሚደረድሩ ማሽኖች ትልቅ በረከት ናቸው፤ ያለ እነሱ የአንድን ትልቅ አውሮፕላን የገላ ክፍል ሙሉ ዙሩን በአንድ ቁራጭ መሥራት ባልተቻለ ነበር። ግን ማሽኑ የሚያነጥፈው ጠባብ ሪባን ነው፣ ብዙ ጊዜ 6.35 ሚሊሜትር ስፋት ያለው። ሪባኑ ኩርባ ላይ ሲታጠፍ የውስጥ ጠርዙ መንገድ ከውጩ ያጥራል። ክር አይጨመርም አይቀነስም፤ ስለዚህ የውስጡ ጠርዝ ይሸበሸባል። ማሽኑ ሪባኑን ቆርጦ እንደገና ቢጀምር ክፍተት ወይም መደራረብ ይፈጠራል። የእጅ ሥራ ጉድለት ሄዶ የማሽን ጉድለት መጣ፤ የማሽኑ ቢያንስ የት እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቃል። ይህም ጠቃሚ የሚሆነው ንድፉ ሲያውቀውና ኩርባውን ሲያሰፋለት ነው።

በ2020 በ787 የገላ ክፍሎች መጋጠሚያ ላይ የተገኘውን ችግርም ማስታወስ ይገባል። የተፈቀደው ክፍተት 0.127 ሚሊሜትር ገደማ ነበር፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል። የመሙያው ስስ ቁራጭ ልክ አለመሆንና የቆዳው የውስጥ ገጽ አለመስተካከል ተገኘ። ከዚያ በኋላ በተከተለው ምርመራ፣ ሌሎች ጉዳዮችም ተጨምረው፣ አውሮፕላኖችን ለደንበኞች ማስረከብ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ገላዎቹን ያነጠፈው ማሽን ነበር።

ወደ አራተኛው ነጥብ፣ ወደ ታይታን ስመጣ አምስት ሰዎች እንደሞቱ ሳልዘነጋ ነው። ሰኔ 18 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ሰርጓጇ 3,800 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ወዳለው የታይታኒክ ስብርባሪ እየወረደች ሳለ ተጨፍልቃ ጠፋች። ጸሐፊው «ካርቦን ለመጎተት እንጂ ለመጨመቅ አይሆንም፤ ታሪኩ ይኸው ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ክር ሲጎተት ራሱን ያቀናል፣ ሲጨመቅ ሊጎብጥ ይፈልጋል። እንዳይጎብጥ የሚይዘው ሙጫው ነው፤ ሙጫው የሚይዘው ደግሞ ክሩ ቀጥ ካለ ነው። ክሩ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከተወላገደ የመጨመቅ ጥንካሬው በእጅጉ ይወርዳል። እንግዲህ የክሩን ቀጥ ማለት የሚወስነው ማን ነው? የቁሱ ስም አይደለም፤ አመራረቱ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ስብርባሪውን መርምሮ ያገኘው ይህንኑ ነው። 12.7 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ በአምስት ዙር፣ እያንዳንዱ ለብቻው እየበሰለ የተሠራ ነበር። በውስጡ ሽብሽብ፣ ቀዳዳና ባዶ ቦታ ተገኘ። ከአደጋው አንድ ዓመት ገደማ በፊት፣ በሐምሌ 2022፣ ሰርጓጇ ከጥልቀት ስትመለስ ከባድ የፍንዳታ ድምፅ ተሰምቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ጉዞዎች በግድግዳው ላይ ያሉት መለኪያዎች ከበፊቱ የተለየ ጠባይ መዝግበዋል። ዕቃው ተናግሮ ነበር። የተናገረውን ለመተርጎም የሚያስፈልገው እውቀት ጸሐፊው ይቀነስ የሚሉት እውቀት ነው፦ ወፍራም ንጣፍ እንዴት ሳይሸበሸብ ይበስላል፣ ሽብሽብ ያለበት ግድግዳ በተደጋጋሚ ሲጨመቅ እንዴት ያረጃል፣ ድምፁና መለኪያው ሲለወጡ ምን ማለት ነው።

አምስተኛው፣ ገንዘቡ ወደ አዲስ ቁስ ይዙር የሚለው፣ በታሪክ የተፈተነ ሐሳብ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ ፋርንቦሮ ጠንካራ የካርቦን ፋይበር ሲወጣ ሮልስ ሮይስ ለአርቢ211 የአውሮፕላን ሞተር የፊት ማራገቢያ ምላጭ ሊያደርገው ተነሣ። ክሩ በእውነትም ድንቅ ነበር። ምላጩ ሌሎቹን ፈተናዎች አልፎ በግንቦት 1970 የወፍ ግጭትን ለመፈተን ዶሮ በፍጥነት ተወርውሮ ሲመታው ተሰባበረ፤ ሞተሩ በቲታኒየም ምላጭ ወጣ። ከኮምፖዚት የተሠራ የማራገቢያ ምላጭ በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ አገልግሎት የጀመረው በ1995 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ጂኢ90 ሞተር ነው። በመካከሉ 25 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ክሩም ሙጫውም ተሻሽለዋል፤ አልክድም። ግን ምላጩን ያዳነው ሌላም ነገር አለ፦ የመምቻው ጠርዝ በቲታኒየም መለበዱ፣ ቅርጹና ውፍረቱ ለአዲሱ ቁስ እንደ አዲስ መታሰቡ፣ ድርድሩ የምቱን ኃይል እንዲበትን መደረጉ፣ እያንዳንዱ ምላጭ ከውስጥ መፈተሹ። አዲስ ቁስ ተገኘ ማለት ጥያቄው ተጀመረ ማለት ነው።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ደግሞ ሳልሸሽግ ልናገር። የምንጽፋቸው ጥናቶች ብዙዎቹ በመዳፍ በሚያዝ ጠፍጣፋ ናሙና ላይ ያበቃሉ፤ ፋብሪካ ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር አያመርትም። የተሳካውን እናትማለን፣ የተበላሸውን እንቀብራለን። እኔም ያንን የ89 ዲግሪ ማዕዘን የትም ጽፌው አላውቅም ነበር፤ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ መልሶ መጠቀም ያነሱትም ስጋት ልክ ነው። ከበሰለ በኋላ የማይቀልጥ ሙጫን ከክሩ መለየት ከባድ ነው፤ በሙቀት ስናቃጥለው ክሩ አጥሮና ከጥንካሬው ቀንሶ ይወጣል። ሆኖም እዚህም መንገድ እየተከፈተ ያለው ከንድፉ በኩል ነው። በ2021 ሲመንስ ጋሜሳ ያስተዋወቀው የነፋስ ተርባይን ምላጭ ሙጫው በዘመኑ ማብቂያ በመለስተኛ አሲድ እንዲሟሟ ከመጀመሪያው ተመርጦ የተሠራ ነው።

አሁን ስለ ክንዱ። ጸሐፊው ክብደቱን በግማሽ የቀነሰ ያሉት ክንድ እስካሁን በሥዕል ላይ ያለ ይመስለኛል። ይሠሩት ዘንድ እጠይቃለሁ። ሲሠሩት ሁለት አድርገው ይሥሩት። አንዱን ይስበሩት፤ የሰበረውን ጭነት ከስሌታቸው ጎን ይጻፉት። ሁለተኛውን በቡሎኑ ቀዳዳና በቅስቱ ላይ በመጋዝ ይቁረጡት፣ የተቆረጠውን ገጽ እስኪያበራ በውኃ አሸዋ ወረቀት ይሞርዱት፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ስር ያስገቡት። እያንዳንዱ ንጣፍ ይታያቸዋል፤ ክሩ ቀጥ ያለበትም የተወላገደበትም፣ ቅስቱ ላይ ሙጫ የተከማቸበት ኪስም፣ ጥቁር ሆነው የሚታዩት ቀዳዳዎችም። ፎቶግራፉን ከነልኬቱ ያውጡት። እኔም የማዕዘኔን ቁራጭ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ቆርጬ ሞርጄ ፎቶግራፉን ከእርሳቸው ጎን አወጣለሁ።